ዋልተር ተል፦ ከቶተንሃም ሜዳ እስከ ፒያቬ ወንዝ

[ምስል፦ የዋልተር ተል ፎቶ በመኮንን ዩኒፎርም]

ተራኪ፦ ስለ እንግሊዛዊው እግር ኳስ ተጫዋችና የጦር መኮንን ዋልተር ተል ሲነሳ «የመጀመሪያው ጥቁር ፕሮፌሽናል ተጫዋች»፣ «የመጀመሪያው ጥቁር መኮንን» ሲባል ትሰማላችሁ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። አክራ የተወለደው በረኛ አርተር ዋርተን ገና በ1889 ለሮዘራም ታውን በደመወዝ ፈርሟል። በመኮንንነትም ጃማይካ የተወለደው ጆርጅ ቤማንድ በ1915 ቀድሞታል። የተል ታሪክ ግን ያለ «አንደኛ»ም በቂ ነው። በዚህ ቪዲዮ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደው በ1888 እንግሊዝ፣ ፎክስተን ውስጥ ነው። አባቱ ከባርቤዶስ የመጣ አናጢ፣ እናቱ የኬንት ተወላጅ ነበሩ። እናቱ በ1895፣ አባቱ በ1897 ሞቱ። እንጀራ እናቱ ሁሉንም ልጆች ማሳደግ ስላልቻለች ዋልተርና ወንድሙ ኤድዋርድ ለንደን፣ ቤትናል ግሪን ወደሚገኝ የሜቶዲስቶች የሕፃናት ማሳደጊያ ገቡ። ኤድዋርድን የግላስጎው ቤተሰብ ወሰደው፤ በኋላም የጥርስ ሐኪም ሆነ። ዋልተር እዚያው ቀርቶ የማተሚያ ቤት ሙያ ተማረ።

[ምስል፦ የ2-3-5 አሰላለፍ ሥዕል]

በ1908 ያለ ደመወዝ ለሚጫወተው የአማተር ክለብ ክላፕተን መጫወት ጀመረ፤ በመጀመሪያው የውድድር ዘመን ቡድኑ የአማተር ዋንጫውን በላ። በ1909 ክረምት ቶተንሃም ወደ አርጀንቲናና ኡራጓይ ይዞት ሄደ፣ አስፈረመውም። የፊርማው ክፍያ 10 ፓውንድ፣ ደመወዙ በሳምንት 4 ፓውንድ ነበር። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለቱም ደንቡ የሚፈቅደው ጣሪያ ነበሩ። ከዚያ በላይ መክፈል ክለቡን ያስቀጣ ነበር።

መስከረም 1909 ቶተንሃም በአንደኛ ዲቪዚዮን (በዚያ ዘመን ከፍተኛው ሊግ) የመጀመሪያ ጨዋታውን ከሰንደርላንድ ጋር ሲያደርግ ተል ቋሚ ተሰላፊ ነበር፤ 3 ለ 1 ተሸነፉ። በጥቅምት ብሪስቶል ላይ የባለሜዳው ደጋፊዎች በቆዳ ቀለሙ እየጠሩ ሰደቡት። በቦታው የነበረ ጋዜጠኛ ስድቡን አውግዞ፣ ተልን ደግሞ ከሜዳው ሁሉ የላቀ ብሎ ጻፈ። ክለቡ ግን ብዙም ሳይቆይ ወደ ሁለተኛው ቡድን አወረደው። በቶተንሃም የነበረው የሊግ ድርሻ በአጠቃላይ 10 ጨዋታና 2 ጎል ሆኖ ቀረ።

በ1911 ኸርበርት ቻፕማን ለኖርዝሃምተን ገዛው። ቻፕማን በኋላ አርሴናልን ያነገሠው አሠልጣኝ ነው። በዚያ ዘመን አሰላለፉ 2-3-5 (ሁለት ተከላካይ፣ ሦስት አማካይ፣ አምስት አጥቂ) ስለነበር፣ ከሦስቱ አማካዮች በዳር የሚቆመው ሁለት ሥራ አለበት፦ የተቃራኒን አጥቂ መያዝ፣ ኳሱን ቀምቶ ማጥቃት ማስጀመር። ተል የተመቸው እዚያ ነው። 111 ጊዜ ተሰለፈ።

[ምስል፦ የ1914 የምልመላ ፖስተር]

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ሊጉ አልቆመም፤ ተጫዋቾቹ እስከ ወቅቱ መጨረሻ በኮንትራት ታስረዋል። ሕዝቡ «ወጣቶች እየሞቱ እናንተ ኳስ ታባርራላችሁ» ማለት ሲጀምር፣ በታኅሣሥ 1914 በሚድልሴክስ ሬጅመንት ሥር የእግር ኳሰኞች ሻለቃ ጦር ተቋቋመ፤ ተጫዋቾቹም ቅዳሜ ለክለባቸው እንዲሰለፉ ይፈቀድላቸው ነበር። ተል በዚያው ወር ተመዘገበ። በኅዳር 1915 ፈረንሳይ ሲደርስ ሃምሳ አለቃ ነበር። በግንቦት 1916 የከባድ መሣሪያ ድብደባ አእምሮውን አናግቶት ለሕክምና ተመለሰ፤ ድኖ ፈረንሳይ ውስጥ በሶም ጦርነት ተዋጋ። ከዚያ በቅማል የሚተላለፈው የምሽግ ትኩሳት ያዘውና እንደገና ወደ እንግሊዝ ተላከ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ። የመኮንንነት ማመልከቻ ደንቡ «ንጹሕ የአውሮፓ ዘር» ይጠይቅ ነበር። የ1914ቱ የጦር ሕግ መጽሐፍም ጥቁር ሰው መቀጠር ቢፈቀድለትም የማዘዝ ሥልጣን እንዳይኖረው ይከለክል ነበር። ታዲያ እንዴት አለፈ? መኮንኖች ከተራ ወታደር በበለጠ ፍጥነት ያልቁ ስለነበር፣ ጦሩ ከ1916 ጀምሮ በግንባር የተፈተኑ ሰዎችን ከሥር እየመረጠ ወደ ዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ይልክ ነበር። ተል ስኮትላንድ፣ ጌይልስ ገባ፤ ግንቦት 30 ቀን 1917 ምክትል መቶ አለቃ ሆኖ ወጣ። ደንቡ አልተሻረም። የቸገረው ጦር አልፎት ሄደ እንጂ።

[ምስል፦ የፒያቬ ወንዝ ካርታ]

ከዚያ ጣሊያን። ፒያቬ በብዙ ጅረት ተከፋፍሎ የሚወርድ ፈጣን ወንዝ ነው፤ በብርዱ ወራት ውኃው እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፣ ማዶ ላይ ጠላት መሽጓል። ከጥር 1 ለ2 ሌሊት 1918 ለተደረገው ድንገተኛ ጥቃት ቀድመው ወንዙን ከተሻገሩት አንዱ ተል ነበር። ቀጥሎ የዋናውን ጦር ሽፋን ሰጪ ቡድን፣ 26 ሰው፣ አሻገረ፤ ከባድ ተኩስ እየወረደበት አንድም ሰው ሳይጎዳበት መለሰ። የክፍለ ጦሩ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ሲድኒ ሎውፎርድ ስለ ጀግንነቱና እርጋታው በጽሑፍ አመሰገኑት።

የተል ሻለቃ ጦር ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። መጋቢት 21 ጀርመኖች ታላቁን ማጥቃት ከፈቱ። መጋቢት 25፣ ፋቭሬ በተባለ መንደር አጠገብ ጦሩ ሲያፈገፍግ ተል ተመትቶ ወደቀ፤ 29 ዓመቱ ነበር። ተራ ወታደር ቶም ቢሊንግሃም፣ የቀድሞው የሌስተር ፎስ ክለብ በረኛ፣ ሬሳውን ሊያወጣ ሞክሮ አልተሳካለትም። መቃብር ስለሌለው ስሙ የሚገኘው በፈረንሳይዋ የአራስ ከተማ የመታሰቢያ ግንብ ላይ ነው።

የቀረው ክርክር የሜዳሊያው ነው። አንድ የሥራ ባልደረባው ለኤድዋርድ በጻፈው ደብዳቤ ተል ሚሊተሪ ክሮስ ለተባለው የጀግንነት ሜዳሊያ ታጭቶ እንደነበር ይናገራል። የዕጩነቱ ሰነድ በጦሩ መዝገብ አልተገኘም፤ የብሪታንያ መንግሥትም ብዙ የፓርላማ አባላት ቢጠይቁትም ሜዳሊያውን አልሰጠም።