ዓመቱን ከውሃ ዳር፦ ጳጉሜን ላይ አራት ኪሎ የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። ጳጉሜን ላይ፣ ሰው ሁሉ ለበዓል ገበያ በሚሯሯጥበት ሰዓት፣ ስለ ዓሣ የሚያወራ ሰው ልትሰሙ አራት ኪሎ ድረስ መምጣታችሁ ደስ ብሎኛል።

ሁሌ የምጠየቀውን ጥያቄ ቀድሜ ልመልሰው። «ዓሣውን ትበላዋለህ ወይ?» አብዛኛውን ጊዜ አልበላም። እይዘዋለሁ፣ አየዋለሁ፣ እለቀዋለሁ። አሁን ፊታችሁ ላይ ያለው ነገር እናቴም ፊት ላይ ነበር። «ታዲያ ምን በወጣው ታስቸግረዋለህ?» ነው ያለችኝ። እስካሁን አላሳመንኳትም። ዛሬ እናንተ ላይ ልሞክር።

ፍላይ ፊሺንግ የሚሉት ነገር እንዲህ ነው። በለመድነው አጠማመድ መንጠቆው ላይ ትል ትሰካላችሁ፣ እርሳስ ታስራላችሁ፣ ትወረውራላችሁ። ክብደቱ ክሩን ጎትቶ ይወስደዋል። እዚህ ተገላቢጦሽ ነው። መንጠቆው ላይ ያለው ትንሽ ላባና ጸጉር ብቻ ነው፣ ዝንብ ወይም ሌላ ነፍሳት እንዲመስል የታሰረ፣ ምንም የማይመዝን። ክብደቱ ያለው ክሩ ላይ ነው። ዘንጉን ወደ ኋላና ወደ ፊት ስታወዛውዙት ክሩ አየር ላይ ይዘረጋና ዝንቧን ተሸክሞ ሄዶ ውሃው ላይ ቀስ ብሎ ያሳርፋታል። ቡሄ ላይ ጅራፍ ያጮኸ ልጅ ግማሹን ችሎታ ይዞ ነው የሚመጣው። ልዩነቱ ይሄኛው መጮህ የለበትም። ከጮኸ ዝንቧ ከጫፉ ተበጥሳ ሄዳለች ማለት ነው።

እንግዲህ ዓመቱ የሚጀምረው በመስከረም አይደል? የኔም እንደዛው። ግን መስከረም ላይ አላጠምድም። ወንዞቹ ገና ድፍርስ ናቸው። የምሰበስበው ላባ ነው። ጥሩ ዝንብ የሚታሰረው በአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ነው፤ ጠንከር ይላል፣ ውሃ ቶሎ አይጠጣም፣ ስለዚህ ዝንቧ ትንሳፈፋለች። እኔ የሀበሻውን አውራ ዶሮ እመርጣለሁ። ከሁሉም በላይ የምፈልገው ደግሞ ገብስማውን ነው፣ ምክንያቱም ዝንጉርጉሩ ላባ መንጠቆው ላይ ሲጠመጠም ክንፉን የሚያራግብ ነፍሳት ይመስላል፤ በሌላው ዓለም ያሉ ዝንብ አሳሪዎችም ይሄን ቀለም አጥብቀው ይፈልጉታል። ችግሩ፣ በየበዓሉ ገብስማ አውራ ዶሮ እያፈላለገ የሚዞር ሰው ሰፈር ውስጥ በምን እንደሚጠረጠር እኔ ልነግራችሁ አልችልም፣ ታውቁታላችሁ። አንድ ጎረቤታችን ለረጅም ጊዜ ሰላምታዬን በሩቁ ነበር የሚመልሱት።

ጥቅምት ሲገባ አዋሽ መጥራት ይጀምራል። እኔ የምሄደው መልካ ቁንጡሬ አካባቢ ነው፣ ከዚህ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ። አገሩን የምታውቁት በጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያዎቹ ነው፣ በ2024 በፈረንጆቹ ዩኔስኮ መዝግቦታል። ወንዙ ውስጥ ደግሞ ባርበስ የሚባለው ዓሣ አለ። ወርቃማ፣ ቅርፊቱ ትልልቅ፣ አፉ ወደ ታች ያዘነበለ። መጠኑን አይታችሁ አትናቁት። ሲይዝ ከጅረቱ ጋር ተባብሮ ነው የሚጎትታችሁ። እዛ ያሉ እረኞች መጀመሪያ ይስቁብኝ ነበር፣ ከዛ ግን የተሻለ ቦታ እነሱ ናቸው ያሳዩኝ፤ ድንጋዩ ወንዙን ለሁለት የሚከፍልበት፣ ፈጣኑ ውሃ ከዝግተኛው ጋር የሚገናኝበት መስመር ላይ። ዓሣ ሰነፍ ነው፣ በክፉ አትዩብኝ። ዝግተኛው ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ፈጣኑ ምግብ ይዞለት እስኪመጣ ይጠብቃል።

ታኅሣሥና ጥር የባሌ ናቸው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ፍቀዱልኝ።

ከአዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ዲንሾ። በሚኒባስ ስሄድ ዘንጉ የሚቀመጥበትን ረጅም ቱቦ ረዳቱ አይቶ «የሱ ሒሳብ ለብቻ ነው» ይለኛል። ኬላ ላይ ደግሞ አስከፍተው ያዩታል፣ ዓሣ ማጥመጃ መሆኑን ሲሰሙ «ባሌ ተራራ ላይ?» ብለው ይስቃሉ። እውነታቸውን ነው፣ ግራ ያጋባል። ወይብና ዳንካ ወንዝ ውስጥ ያለው ትራውት የአገሩ ዓሣ አይደለም። ቡናማው ትራውት የአውሮፓ ነው፣ ቀስተ ደመና የሚሉት ደግሞ የሰሜን አሜሪካ። እንግሊዞች በፈረንጆቹ 1905 ትራውት ከስኮትላንድ ወደ ኬንያ ወሰዱ፣ በ1960ዎቹ ደግሞ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከኬንያ ወደ ባሌ ወንዞች መጣ። ብርድ ወዳድ ነው፤ ቀዝቃዛና አየር የበዛበት ውሃ ካላገኘ አይኖርም። ባሌ ተመቸው፣ ቀረ።

ጠዋት ላይ ሣሩ በውርጭ ነጭ ይሆናል። ክሩ ዘንጉ ቀለበቶች ላይ በረዶ ይሠራል፣ በትንፋሻችሁ ታሟሙታላችሁ። ቸኩሎ መወርወር የለም። መጀመሪያ ከውሃው አንድ ድንጋይ አነሳና ገልብጬ ሥሩን አያለሁ። እዛ ሥር የሚርመሰመሱት ትንንሽ ነፍሳት ናቸው ዓሣው የሚበላቸው፤ ቀለማቸውንና መጠናቸውን አይቼ ከሳጥኔ የሚቀርባቸውን ዝንብ እመርጣለሁ። በሆዴ ተስቤ ነው ወደ ወንዙ የምጠጋው፣ ጥላዬ ውሃው ላይ ካረፈ አለቀ። ከኋላዬ ደጋ አጋዘን ቆሞ ሲያየኝ ያውቃል። ወደ ሳነቴ ከወጣችሁ ጅብራውና ቀይ ቀበሮው አለ፤ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ ቀይ ቀበሮዎች ናቸው የቀሩት፣ አብዛኞቹም እዛው ባሌ ናቸው። እና ትራውቱ ሲይዝ... ጎኑ ላይ ያለው ቀይ ነጠብጣብ ውሃው ውስጥ እያለ ይታያል። እዚህ ጋ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ብርዱ ነው እላለሁ።

ትራውቱን ግን እበላዋለሁ። ለእናቴም ይሄን ነግሬያታለሁ፣ ትንሽ ለዘብ ብላለች። መጤ ነው፣ የአገሩን ነፍሳት ይበላል፣ ባሌ ደግሞ ሌላ የትም የሌሉ እንቁራሪቶች አሉት። የምወደው ዓሣ እዛ ባይመጣ ይሻል ነበር ብዬ የማስብበት ቀን አለ። በሚቀጥለው ቀን ዘንጌን ይዤ እወጣለሁ። እንዲህ ነኝ። መሄድ የምትፈልጉ ካላችሁ ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ መጀመሪያ ዲንሾ ያለውን የፓርኩን ቢሮ ጠይቁ፣ ዝም ብላችሁ ወንዝ አትግቡ።

የካቲት ገደማ ዓቢይ ጾም ይመጣል፣ አገሩ ሁሉ ዓሣ ወዳድ ይሆናል፣ ዋጋውም አብሮ ይወጣል። ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም፣ ከቤት መውጫዬን አውቃለሁ። በዚህ ጊዜ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ናቸው የኔ። ሐዋሳ አሞራ ገደል ሄዳችሁ ታውቃላችሁ፤ አባ ኮዳዎቹ የዓሣ አንጀት ለመቀማት የሚደባደቡበት። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ቢሾፍቱ እወርዳለሁ፣ ቅርብ ነው፣ ቆሮሶ አለ። ቆሮሶ በዝንብ መያዝ ከባድ ነው፣ በብዛት የሚበላው አረንጓዴ ዋቅላሚ ስለሆነ። ትንሽ አረንጓዴ ክር መንጠቆ ላይ አስሬ እሞክራለሁ። አንዳንዴ እሺ ይላል። ሴቷ ግን እንቁላሎቿንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድገው፤ ዳር ላይ ጉንጯ አብጦ ካየኋት ዘንጌን አነሳለሁ። ጫሞም ሄጃለሁ፣ ነጭ ዓሣ ፍለጋ። አዞ ባለበት ውሃ ውስጥ ቆሞ ማጥመድ ስለማይቻል ከጀልባ ነው፣ ከጀልባ ደግሞ ብዙ አልወድም።

ግንቦት ይሞቃል። ሰኔ ይዘንባል። ከዛ አቆማለሁ።

ክረምት ላይ ለምን እንደማቆም ልንገራችሁ፣ ከዚህ ሁሉ ወሬ አንድ ነገር ይዛችሁ ብትሄዱ ይሄን ብትይዙልኝ ደስ ይለኛል። ጣና ላይ የባርበስ ቤተሰብ የሆኑ፣ ሌላ ቦታ የሌሉ፣ አሥራ አምስት ገደማ ዝርያዎች አሉ። ብዙዎቹ ክረምት ላይ ከሐይቁ ወጥተው እንደ ጉማራና ርብ ያሉ ወንዞችን ተከትለው ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ጠጠር ላይ እንቁላል ሊጥሉ። ወንዙ አፍ ላይ ሲሰበሰቡ መረብ ይጠብቃቸዋል። አንድ ጊዜ ከነእንቁላላቸው ተያዙ ማለት የሚቀጥለው ትውልድም አብሮ ተያዘ ማለት ነው። ቁጥራቸው በጣም የቀነሰውም ከዚህ ጋር ተያይዞ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1995 የወጣ የዓሣ ሀብት አዋጅ አለን፣ ቁጥር 315። አዋጁ ሐይቁ ዳር አይቆምም፣ ሰው ነው የሚቆመው። አጥማጁ ላይ መፍረድ ቀላል ነው፣ ልጆች አሉት። እኔ ግን ለጨዋታ የማጠምድ ሰው ነኝ፣ እና ለጨዋታ የሚያጠምድ ሰው ክረምቱን የማያርፍበት ምንም ምክንያት የለውም።

ስለዚህ ክረምት ላይ እዚሁ ነኝ፣ አዲስ አበባ። ሰፈር ኳስ ሜዳ ላይ መንጠቆ የሌለው ክር እወረውራለሁ፣ ሕጻናት «ምን ያዝክ?» ይላሉ። ማታ ዝንብ አስራለሁ፣ መብራት ከጠፋ በሻማ። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ቀበና ድልድይ ላይ ቆሜ ውሃውን አያለሁ። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ «ምን ጠፍቶብህ ነው?» አለኝ። ፌስታል፣ አረፋ፣ ነጠላ ጫማ፣ ሁሉም ይሄዳል። ቀበና ወደ አቃቂ፣ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዛ አዋሽ፣ ከዛ ቆቃ። እኔ የማጠምደው አቃቂ አዋሽ ውስጥ ከሚገባበት በላይ ነው፣ ለምን እንደሆነ ማብራራት የለብኝም። ከዚህ አዳራሽ መጸዳጃ ቤት የሚወጣው ውሃ የት እንደሚደርስ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ዘንግ ሳልይዝ በፊት አስቤ አላውቅም ነበር። እናቴ «ለምን ታስቸግረዋለህ» ስትለኝ ያለኝ መልስ እስካሁን ይሄው ብቻ ነው፤ ዓሣውን ፈልጌ ስሄድ ውሃውን ማየት ጀመርኩ።

ጨርሻለሁ፣ አንድ ልመና ብቻ። ለእንቁጣጣሽ አውራ ዶሮ የምታርዱ፣ ፍል ውሃ ውስጥ ከመንከራችሁ በፊት የአንገቱን ላባ በደረቁ ንጩልኝና በወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡልኝ፤ ፍል ውሃ የነካው አይሆንም። ገብስማ ከሆነ ደግሞ ለጎረቤት የምታስረዱት እናንተ ናችሁ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያሉትን ዝንቦች ቀርባችሁ ማየት ትችላላችሁ፣ መንጠቆው ስለት ነው፣ ልጆቹን ያዙልኝ። ጥያቄ ያለው?