ጀልባው የማን ነበር?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ እኔና ማይኩ ብቻ ነን። ቡና ፉት ስል ከተሰማችሁ ይቅርታ።

ሰሞኑን ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለ አንድ ታሪክ አለ። ቶንጋ ታውቃላችሁ? ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለች የደሴቶች አገር ናት። በፈረንጆቹ 1965 ስድስት የአዳሪ ትምህርት ቤት ልጆች ኑሮው ሰለቻቸውና የአንድ ሰው ጀልባ ሰርቀው ወደ ፊጂ ልንሄድ ነው ብለው ወጡ። ካርታ የለ፣ ኮምፓስ የለ። ስንቃቸው ሙዝና ጥቂት ኮኮናት ነው። በመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሲነቁ ማዕበሉ ሸራውንም መሪውንም ሰባብሮታል። ከዚያ ስምንት ቀን ውሃው እንዳሻው ወሰዳቸው፣ የዝናብ ውሃ በኮኮናት ቅርፊት እያጠራቀሙ ጠዋትና ማታ ጉንጭ ጉንጭ እየተካፈሉ።

የደረሱት አታ የምትባል ደሴት ላይ ነው። ሰው የለባትም። ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹን በ1863 ባሪያ ፈንጋዮች ጭነው ከወሰዱ በኋላ የተረፉትም ወደ ሌላ ደሴት ተወስደው ባዶዋን የቀረች ናት። እዚያ ከአንድ ዓመት በላይ ኖሩ። እሳት አነደዱ፣ እንዳይጠፋም ተራ ገቡ። አንዱ ከገደል ወድቆ እግሩ ሲሰበር በእንጨትና በቅጠል አሰሩለት፣ ዳነም። እኔ የወደድኩት ግን የጠባቸውን ሕግ ነው። የተጣሉ ሁለት ልጆች አንዱ በዚህ ጫፍ፣ ሌላው በዚያ ጫፍ ይሄዳሉ፣ ንዴቱ ሲበርድላቸው ተመልሰው ይቅር ይባባላሉ። (እኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጫፍ ከየት እናመጣለን?)

በ1966 መስከረም ላይ ፒተር ዋርነር የሚባል አውስትራሊያዊ በመርከብ ሲያልፍ ገደሉ ላይ የተቃጠለ ሳር አየና ቀረብ አለ። ጸጉሩ ያደገ ራቁቱን የሆነ ልጅ እየዋኘ መጣ። አገራቸው ቀብራቸው ሁሉ ተፈጽሟል። በእኛ ቢሆን ተዝካራቸው ወጥቶ ነበር።

ታሪኩን የሚያወራ ሰው ሁሉ የሚያቆመው እዚህ ነው፤ ወዳጅነት፣ ጽናት ምናምን ብሎ። ግን ልጆቹ አገር ሲገቡ ፖሊስ ያዛቸው! ባለ ጀልባው ከሷቸው ነበራ። ዋርነር የጀልባውን ዋጋ ከፍሎ ነው ያስፈታቸው። ሰው ይሄን ሲሰማ ይስቃል፣ ባለ ጀልባውንም ጨካኝ ይለዋል። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ምክንያቱም የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ዳር ላይ ሊደርቅ የቆመ ታንኳ አየን፣ ግራ ቀኝ አልንና ገፋነው። ሐሳባችን ጣና ሐይቅ ውስጥ ካለው የክብራን ገብርኤል ገዳም ደርሰን መመለስ ነበር። ጠዋት ጣና ዘይት ነው የሚመስለው፣ ስለዚህ ጀግና ሆንን። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ነው ታንኳው የተሠራበት ደንገል፣ ያ ሐይቅ ዳር የሚበቅለው ሸምበቆ መሳይ ሣር፣ ውሃ እንደሚጠጣ የገባን። መጀመሪያ ሱሪያችን ረጠበ፣ ቀጥሎ የተቀመጥንበት እየሰመጠ መጣ፣ ከኋላ በኩል ደግሞ ማሰሪያው ላላና ደንገሉ አንድ አንድ እያለ ተለየን። አንዱ ጓደኛዬ ያልተሳለለት ታቦት አልቀረም። ከገዳም ሰው ይዞ የሚመለስ የሞተር ጀልባ ባያነሳን ኖሮ ይሄን ፖድካስት አትሰሙም ነበር። ታንኳው እዚያው ቀረ።

ቤት ስንደርስ የተገረፍነው ግርፊያ ዛሬ ትዝ አይለኝም፣ የማግስቱ ግን ትዝ ይለኛል። አባቴ ሦስታችንንም ይዞ ባለ ታንኳው ቤት ወሰደን። ሰውዬው አልተቆጡም። በታንኳው እንጨት ጭነው ወደ ከተማ ያመጡ ነበር፣ ያ ሳምንት ግን እንጨት የለም ማለት ነው፣ ሚስታቸው በር ላይ ቆማ ታየናለች። «አዲስ እሠራለሁ፣ እናንተ ደንገል ትሸከማላችሁ» አሉን። ተሸከምን። እርጥብ ደንገል ትከሻ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ እዚያ ነው ያወቅኩት።

ሰውዬው ሁለት ቀን ምንም አላወሩንም። በሦስተኛው ቀን ማሰሪያውን በጥርሳቸው እያጠበቁ ቀና አሉና፣ «ለመሆኑ ዋና ትችላላችሁ?» ብለው ጠየቁን።

«እሱ ብቻ ነው የሚችለው ጋሼ» አልኩ ወደ አንዱ እያመለከትኩ።

ማሰሪያውን ከጥርሳቸው ለቀቁት። ለረጅም ጊዜ አዩን። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ማሰር ጀመሩ።