ዓሣው ከታች ነው የሚያየው፦ ባለረጅም እግሯን ዝንብ በላባ፣ በጸጉርና በቃጫ ስለ ማሰር

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ ውድ ወንድሞችና እህቶች፣

በዚህ የመስከረም ምሽት፣ ያውም ዝናቡ ሳያባራ፣ ከብሪስቶልና ከአካባቢዋ መጥታችሁ ስለ አንዲት ደካማ ነፍሳት የምናገረውን ለመስማት ስለተሰበሰባችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ ርእስ እንድመርጥ ሲጠይቁኝ ስለ ዓሣ ማጥመድ በጠቅላላው እንደምናገር ጠብቀው ነበር። እኔ ግን ሰዓቱን በሙሉ በአንድ ዝንብ ላይ፣ እንግሊዞች በመጽሐፍ ክሬን ፍላይ፣ በየቤታቸው ደግሞ ዳዲ ሎንግ ሌግስ በሚሏት ላይ እንዳውለው፣ ምስሏንም በመንጠቆ ላይ አስሮ ዓሣ ማጥመጃ ስለ ማድረግ እንድናገር ፈቃዳቸውን ለመንኩ። ዳዲ ማለት አባባ ማለት ነው። ስሟ የአባት ሆኖ ሳለ እኔ «እሷ» እያልኩ መጥራቴን ይቅር በሉኝ፤ በቋንቋችን ትንሽና ስስ ነገር ሁሉ በሴት አንቀጽ ይጠራልና።

አብዛኞቻችን ይህችን ነፍሳት ስሟን ሳናውቅ በመልክ እናውቃታለን። በልጅነታችን ክረምት ሲገባ ማታ ማታ በአምፖል ዙሪያ ስትንገዳገድ ቆይታ ግድግዳው ላይ ትለጠፍ የነበረችው፣ «ትልቋ ቢምቢ መጣች» እየተባለ በጫማ የምትመታው ያቺው ናት። እኛ ቤት ወባ ታመጣለች ተብላ ብዙ ተበድላለች። እውነቱ ግን ይህ ነው፦ አትነድፍም፣ ደም አትመጥም፣ ከሰው ጋር አንዳች ጠብ የላትም። ክንፍ ካወጣች በኋላ የምትኖረው ለጥቂት ቀናት ብቻ ሲሆን በእነዚያም ቀናት ዋና ሥራዋ ተዳቅላ እንቁላሏን መጣል ነው።

ረጅሙን ዕድሜዋን የምታሳልፈው በእጭነት ነው። እዚህ አገር በብዛት የምናገኘው ዝርያ በግጦሽ መሬት ውስጥ የሣር ሥር እየበላ ያድጋል፤ እጩ ቆዳው ጠንካራና ግራጫ በመሆኑ ገበሬዎቹ «የቆዳ ጃኬት» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1935 ለንደን በሚገኘው በዝነኛው የሎርድስ የክሪኬት ሜዳ ላይ ይኸው እጭ ሣሩን በልቶ ሜዳውን ራሰ በራ አድርጎት ነበር፤ ሠራተኞቹም በሺህ የሚቆጠሩ እጮችን ለቅመው አቃጥለዋል። ይህን የማነሣው ለጨዋታ ያህል ብቻ አይደለም። ነፍሳቷ የውኃ ሳትሆን የመስክ ልጅ መሆኗን ካልተረዳን ዓሣው ለምን እንደዚያ እንደሚበላት አይገባንም። ከነሐሴ ማብቂያ ጀምሮ መስከረምን ይዞ ከሣሩ መካከል በገፍ ትወጣለች፤ በረራዋ ደካማ ስለሆነ ነፋስ ከመስኩ ጠርጎ ሐይቅ ላይ ይጥላታል። ቹ ቫሊንና ብላግደንን የመሳሰሉ በላምና በበግ ግጦሽ የተከበቡ የሶመርሴት ሐይቆች በዚህ ወር ለእኛ ልዩ የሚሆኑት ስለዚህ ነው። ትራውት የሚባለው የምናጠምደው ዓሣ ሌላ ጊዜ የማያገኘው ትልቅ ጉርሻ ከሰማይ ይወርድለታል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ዝንብ በማሰር ሥራ ውስጥ «እውነተኛውን የሚመስል» የሚለው ቃል ብዙ ሰው አሳስቷል። ዓይኗን በጥቁር ዶቃ፣ የክንፏን ሥር በቀለም፣ የሆዷን ቀለበት አንድ በአንድ አስመስለው የሠሩ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ቢቀመጡ ሙዚየም የሚያኮሩ ዝንቦችን አይቻለሁ። ነገር ግን እነዚያ ዝንቦች የተሠሩት ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ነው፤ ዓሣው ደግሞ ከታች ነው የሚያየው። ከውኃ ውስጥ ሽቅብ የሚመለከት ዓሣ የውጩን ዓለም የሚያየው 97 ዲግሪ ገደማ በሚከፈት ሾጣጣ፣ ከራሱ በላይ ባለች አንዲት ክብ መስኮት በኩል ብቻ ነው። አንድ ሜትር ጥልቀት ላይ ቢሆን የመስኮቲቱ ስፋት ከሁለት ሜትር ከሩብ ብዙም አይበልጥም። ከዚያች ክብ ውጭ ያለው የውኃው ገጽ ለእሱ የታችኛውን ዓለም መልሶ የሚያሳይ መስታወት ነው። ዳዲዋ በነፋስ እየተገፋች ስትመጣ አካሏ መስኮቱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ዓሣው የሚያየው እግሮቿ የውኃውን ቆዳ የረገጡበትን፣ በመስታወቱ ላይ የሚያብረቀርቁትን ትናንሽ ጎድጓዶች ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምትታየው በእግሯ ነው፤ እኛም ሥራችንን ከእግሯ እንጀምራለን።

እ.ኤ.አ. በ1676 ስለ ዝንብ አሳሰር የጻፈው እንግሊዛዊው ቻርልስ ኮተን ለዚህች ነፍሳት ያዘዘው ነገር እጅግ ቀላል ነበር፦ የድብ ጸጉር ከሰማያዊ ሱፍ ጋር ተደባልቆ ለአካሏ፣ ከላይ ደግሞ ቡናማ የዶሮ ላባ። ዶቃም ዓይንም የለበትም። ላባው ተጠምጥሞ ጸጉሮቹ ዙሪያውን ሲንጨባረሩ ግን ውኃውን ይረግጣሉና የእግርን ሥራ ይሠራሉ። እኛ ዛሬ የጨመርነው ጉልበቷን ነው።

ለእግር ፌዛንት ከሚባለው ጅራተ ረጅም የአደን ወፍ አውራ የመካከለኛ ጅራት ላባ የሚስተካከል አላገኘሁም። ጸጉሮቹ ረጃጅም ናቸው፤ ቀለማቸው የተቆላ ቡና ይመስላል፤ ደርቀው ቀጥ ይላሉ፣ ሲርሱ ይለዝባሉ። የፌዛንት አደን በእንግሊዝ ኦክቶበር 1 ስለሚከፈት ከዚያ በኋላ የአደን ሥጋ የሚሸጥ ሉካንዳ ጎራ ብትሉ ጅራቱን በነፃ የሚሰጣችሁ ሰው አይጠፋም። ከላባው አከርካሪ ሁለት ሁለት ጸጉር አብራችሁ ትነቅላላችሁ፤ አንድ ብቻውን ቶሎ ይበጠሳል። ከጫፉ አንድ ሦስተኛ ያህል ላይ ልል ቋጠሮ አድርጋችሁ ቀለበቷን በወስፌ ጫፍ ትይዛላችሁ። ወስፌው የእናቴ ነው፤ ሰፌድ ትሰፋበት የነበረው፣ እጀታው ላይ የአውራ ጣቷ ቦታ የጎደጎደው። ቋጠሮዋን በምራቅ አርሳችሁ ጸጉሩን ቀስ እያላችሁ ስትስቡት መጀመሪያ እንቢ ይላል፣ ከዚያ በድንገት ቁጭ ብሎ እንደ ታጠፈ ጉልበት ማዕዘን ይሠራል። በችኮላ ከሳባችሁት ግን ቀጭ ብሎ ይሰበራል። የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት እግሮች ስቋጥር የተረፉልኝ አራት ብቻ ነበሩ።

የእግሩ ቁጥር ሁልጊዜ ክርክር ያስነሣል። ነፍሳት እስከሆነች ድረስ ስድስት ነው፤ ሆኖም ስምንት የሚያስሩ ብዙ አጥማጆች አሉ። እኔ ስድስት አስራለሁ፤ አንዷ ስትጠመድ ብትነቀልም ሌላ አልተካም። ዳዲ ራሷ ሲይዟት እግሯን ጥላ የምታመልጥ ፍጥረት ናት፣ አምስት እግር ያላት ዳዲም በመስኩ ሞልታለች። ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ አቅጣጫው ነው። አራቱን ወደ ኋላ፣ ሁለቱን ወደ ጎን አድርጌ አስራለሁ፤ ነፋስ የሚጎትታት ነፍሳት እግሯ ወደ ኋላ ይንዘላዘላልና።

ወደ አካሏ ስንመጣ ምርጫው ሰፊ ነው። የቆየው ልማድ ራፊያ ነው፤ ማዳጋስካር ውስጥ በብዛት ከሚበቅለው የዘንባባ ዓይነት ቅጠል የሚላጥ ገለባ መሰል ነገር። አርሳችሁ በመንጠቆው አገዳ፣ ማለትም ቀጥ ባለው ክፍሉ ላይ ስትጠመጥሙት ሲደርቅ ይጠብቃል፣ ውኃ ሲነካው ደግሞ ጠቆር ብሎ ሕያው ሥጋ ይመስላል። ባለፈው ዓመት አንድ ወዳጄ ከአገር ቤት የእንሰት ቃጫ አምጥቶልኝ ነበር። በማበጠሪያ አበጥሬ፣ ቀጭን ቀጭኑን መርጬ፣ ክሩን በሰም አሽቼ አሰርኩበት። ቀለሙ ሳይነከር የዳዲዋ ቀለም ሆኖ አገኘሁት፣ ያልጠበቅሁት ነገር ነው። ሻካራነቱ ግን መጠምጠሙን ያስቸግራል፤ ካልታገሡት እንደ ድሪቶ ይሆናል።

በውኃ ላይ እንድትንሳፈፍ ለሚፈልግ ሰው ሦስተኛ መንገድ አለ። የአጋዘን ጸጉር ውስጡ አየር የያዘ ስፖንጅ ስለሆነ ይንሳፈፋል። አንድ እፍኝ የማይሞላ ጸጉር በመርፌ ላይ አጋድሞ በየሁለት ሚሊሜትሩ በክር ጠበቅ ጠበቅ እያደረጉ ማሰር፣ ከዚያ መርፌውን ስቦ ማውጣት ነው፤ የሚቀረው ቀለበት ቀለበት የሆነ፣ ከመንጠቆው ተለይቶ ወደ ኋላ ሽቅብ የሚቀሰር ሆድ ነው። በዚህ አሠራር ረጅም አገዳ ያለው መንጠቆ አያስፈልግም። አጭሩ መንጠቆ ደግሞ ከዓሣው አፍ ቶሎ አይወልቅም፣ ረጅሙን ዓሣው እንደ ማንሻ ተጠቅሞበት ይፈታዋልና። በራፊያ ወይም በቃጫ ከሆነ ግን ረጅም አገዳ ያለው 10 ቁጥር መንጠቆ ይበቃል።

ክንፍ ላይ ነው እኔ የተዋረድኩት። የመጀመሪያ ዳዲዬን ሳስር ክንፎቿን ከሰፊ የዶሮ ላባ ቆርጬ፣ እንደ አውሮፕላን ግራና ቀኝ ዘርግቼ፣ በጣም አምሮብኝ ለጓደኞቼ ሁሉ አሳየሁ። በማግሥቱ ከጀልባ ላይ ስወረውራት በአየር ላይ እንደ ማራገቢያ ተሽከረከረች፤ ከሃያ ውርወራ በኋላ ዝንቧ የታሰረችበት የክሬ ጫፍ ናይለን እንደ ገመድ ተገምዶ፣ ሳላላው ራሱ በራሱ እየተጠቀለለ ቋጠሮ ሠራ። ጀልባውን አብሮኝ የያዘው ሽማግሌ አንዲት ቃል ሳይናገር መቀሱን አውጥቶ ሁለቱንም ክንፎች ቆረጣቸውና መልሶ ሰጠኝ። ከሰዓት በኋላ በዚያችው ክንፍ በሌላት ዳዲ ሦስት ትራውት ያዝኩ። ዛሬ ክንፍ ሳስር ቀጭን የአውራ ዶሮ ማጅራት ላባ ጫፍ ሁለት ብቻ እወስዳለሁ፤ ወደ ኋላ የተከፈተ መቀስ አስመስዬ፣ ከሆዷ ብዙ ሳላርቅ አጋድማቸዋለሁ። በተፈጥሮ ከክንፎቿ ኋላ በረራዋን የምትቆጣጠርባቸው ጫፋቸው ድብልብል የሆኑ ሁለት ዘንጎች አሏት፤ እነሱን ለመሥራት ሙከራ የሚያደርግ ሰው ካለ አልከለክለውም፣ ዓሣው ግን አያመሰግነውም።

ስለ ዶሮ ላባ እኛ ከፈረንጆቹ የተሻለ ቃል አለን። እነሱ በውድ የሚገዙትን ነጭና ጥቁር የተዥጎረጎረ ላባ የሚመስል ቀለም የእኛ እናቶች ገበያ ላይ «ገብስማ» ብለው ያልፉታል። ለዳዲ የምመርጠው ቀይ አውራ ዶሮ ነው፤ ቀዩና ገብስማው በአንድ ላባ ላይ የተቀላቀለበት ሲገኝ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። ሦስት ወይም አራት ዙር ብቻ ጠምጥሙ። ከታች በኩል የወጡትን ጸጉሮች ቆርጣችሁ ሆዷ ውኃው ላይ እንዲተኛ አድርጉ። ላባውን ከራሳችሁ ዶሮ የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ማጅራቱን የፈላ ውኃ ሳይነካው በደረቁ ንጩት፤ ለወጥ ሲባል የተነከረ ላባ ጸባዩ ይበላሻል። ይህን ለባለቤቴ ለማስረዳት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

አወራወሯን በአጭሩ ልጥቀስ። ነፋሱ ከመስክ ወደ ውኃ በሚነፍስበት ዳርቻ ቁሙ እንጂ ማዕበሉ በሚመታችሁ በኩል አይደለም። እግሮቹንና ላባውን በጥቂቱ ቅባት ቀቡ፣ ሆዷን ተዉት። ትራውቱ አንዳንድ ጊዜ መጀመሪያ በጅራቱ መትቶ አስጥሟት ተመልሶ ይበላታል፤ ስለዚህ ውኃው ሲፈነዳ ዘንጉን ወዲያው የሚያነሣ ሰው ባዶውን ይቀራል። ከሰጠመችም አታውጧት፤ ርሳ፣ እግሮቿ ተልፈስፍሰው በዝግታ ስትሳብ ብዙ ጊዜ ከተንሳፋፊዋ የበለጠ ትበላለች። የላባ እግር ከጎማ እግር የሚበልጠው ያን ጊዜ ነው። ጎማው ስትስቡት ይርገበገባል፣ ስታቆሙ ቀጥ ይላል፤ ላባው ግን ከቆማችሁም በኋላ ውኃው ራሱ ያንቀሳቅሰዋል።

ከመካከላችሁ በመጪው ዓመት ወደ ባሌ ለመሄድ ያሰቡ እንዳሉ ሰምቻለሁ። በባሌ ተራሮች ባሉት በዌብ፣ በሻያና በዳንካ ወንዞች የሚገኘው ትራውት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው እንጂ የአገሩ ተወላጅ አይደለም። ወንዙ ከሐይቁ ስለሚጠብና ስለሚፈጥን ዳዲያችሁን በ12 ቁጥር መንጠቆ (ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል) አሳንሳችሁ እሰሩ፣ ሆዷንም በአጋዘን ጸጉር አድርጉት። የእጯን ምስል ለማሰር የምትፈልጉ ደግሞ ግራጫ የጥንቸል ጸጉር በሰም በታሸ ክር ላይ ጠቅልላችሁ አገዳውን ሙሉ በሙሉ ወፍራም አድርጋችሁ አልብሱት፣ በቀጭን የመዳብ ሽቦም ጠበቅ ጠበቅ አድርጋችሁ ቀለበት አውጡለት። ዝናብ ዳርቻውን ሲንደው እጩ ከአፈሩ ጋር አብሮ ይወርዳልና ያን ጊዜ ከተንሳፋፊዋ ይልቅ እሱን በወንዙ ወለል ላይ አንከባልሉት።

አሁን ሞርሳዎቹ ከኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ ታስረዋል፣ የፌዛንቱ ጅራትም በየቦታው ተቀምጧል። ቃጫው ትንሽ ስለሆነ ተካፈሉት። መንጠቆ ከመያዛችሁ በፊት እያንዳንዳችሁ ስድስት ስድስት እግር ቋጥሩ፤ ወስፌው አንድ ብቻ ስለሆነ በተራ ይዙራል፣ ስትጨርሱም እባካችሁ ለእኔ መልሱልኝ።