የጋኑ እርሾ አይደፋ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ከደብረ ብርሃን ነኝ። ዛሬ የማወራው ስለ ጠላ እርሾ ነው። ሆዴ ውስጥ የቆየ ጉዳይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ።

የእንጀራ ሊጥ ስናቦካ እርሾ ሳታስቀር ቡሃቃውን አሟጣ የምትጋግር ሴት አላውቅም። ያለቀባትም ዕቃ ይዛ ጎረቤት ትሄዳለች። ጠላ ላይ ስንደርስ ግን ሁልጊዜ እንደ አዲስ ነው የምንጀምረው። ጌሾው ተወቅጦ በውኃ ይጠነሰሳል፣ ብቅሉ ይገባል፣ ቂጣው ተቆርሶ ይጨመራል፣ እንኩሮው (በምጣድ የታመሰው የእህል ዱቄት) ይከተላል። እርሾ ብሎ ለብቻው የጨመረ ሰው የለም፤ ግን ይፈላል። ከጌሾው፣ ከብቅሉ፣ ከጋኑም ጭምር ነው የሚመጣው። ከአንድ ነጋዴ ገብስ የገዙ ሁለት ጎረቤታሞች ጠላቸው የማይመሳሰለው አንድም በዚህ ነው።

እኛን የሚፈትነን ብርዱ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሲወርድ ጥንስሱ ይተኛል። እናቴ ምድጃ ዳር አስጠግታ በአሮጌ ጋቢ ትጠቀልለው ነበር። ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ ቶሎ የሚነሳው ጥንስስ እኛ ጋ ይንቀረፈፋል፤ እርሾው እስኪበረታ የሚያኮመጥጠው ባክቴሪያ ይቀድመዋል። ስለዚህ ጥሩ ከወጣ ጠላ ላይ የበረታ እርሾ ማስቀረት ለደጋ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ጉሹ፣ ማለትም ገና ያልጠለለው ጠላ፣ ፈልቶ አረፋው ሲረግብ በኩባያ ቀድቼ፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥልዬ፣ በፈላ ውኃ በተለቀለቀ ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ብርድ ቦታ አስቀምጠዋለሁ። ሲያድር ይጠልላል። ያኔ ማሰሮውን ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩት፦ ከሥር ቡናማው የጌሾና የእህል ዝቃጭ፣ ከላዩ እንደ ቀጭን አጥሚት ነጣ ያለ ንብርብር፣ ከዚያ በላይ የጠራው ጠላ። የምንፈልገው መሐለኛውን ነው። የጠራውን ቀድቼ፣ ነጩን ቀስ አድርጌ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ወደ ሌላ ማሰሮ አሻግራለሁ፤ ዝቃጩ እዚያው ይቀራል። ፍሪጅ ውስጥም ሆኖ ጋዝ ስለሚያወጣ ክዳኑ አይጠበቅ፤ ማሰሮው ሊፈነዳ ይችላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ እጠቀምበታለሁ። ከዚያ በፊት አሸተዋለሁ፤ ኮምጣጤ ከሸተተ ይደፋል፣ አያሳሳም።

ልጠነስስ ስል ጥቂት የብቅል ዱቄት አፍልቼ አቀዘቅዝና በሱ አነቃዋለሁ። አረፋ ሲያነሳ ወደ ጥንስሱ ይገባል። እንኩሮው ትኩስ ከሆነ እርሾውን ይገድለዋል፤ እጅ የማያቃጥል ለብታ ይበቃል። ጌሾው ግን አይቀርም! ምሬቱን የሚሰጠው፣ የሚያበላሸውንም ተህዋስ የሚገታው እሱ ነው።

ቢራ ፋብሪካዎችም ከጋናቸው ሥር እርሾ እየሰበሰቡ ደጋግመው ይሠሩበታል። የነሱ ግን አንድ ዘር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1883 ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ላቦራቶሪ ከአንዲት ሕዋስ ንጹሕ እርሾ ማራባት ካሳየ ወዲህ ማለት ነው። የኛ ድብልቅ ነው፤ እርሾውም ባክቴሪያውም አብረው ይኖራሉ። የጠላ ጣዕም ከዚያ ድብልቅ ስለሆነ እንዲጣራ አልፈልግም። ግን በተሻገረ ቁጥር ሚዛኑ ወደ ኮምጣጣው ያደላል። ስለዚህ ሦስት አራት ጊዜ ካሻገርኩ በኋላ ወደ አዲስ ጌሾ እመለሳለሁ።

የሱቅ የዳቦ እርሾ ጨምሪበትና ተገላገይ የሚሉኝ አሉ። አልስማማም። ቶሎ ያፈላል፣ እውነት ነው፤ ግን ጠላው ዳቦ ዳቦ ይላል፣ የቤቱ ለዛ ይጠፋል። ለጽዋ ማኅበር የሚቀርብ ጠላ ላይማ እንዲህ ሲደረግ ያናድደኛል።

አተላው ለከብቱ ይሂድ፣ ቅራሪውም ይውጣለት። እኔ የምለምናችሁ አንድ ኩባያ ጉሽ ቀደም ብላችሁ እንድታስቀሩ ብቻ ነው። ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከመርሐቤቴ የምታዳምጡኝ ደግሞ፣ በእናንተ ዘንድ ከቀድሞው ጋን አስቀርቶ የሚጠነስስ ካለ እናቶችን ጠይቁልኝና በድምፅ ላኩልኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል አሰማዋለሁ። ደህና ሰንብቱ።