ባዶውን ከሙሉው መለየት

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የፋርማሲና የባዮቴክኖሎጂ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ!

ዛሬ የማወራችሁ የዘረ መል (የጂን) ሕክምና መድኃኒት ከፋብሪካ ከመውጣቱ በፊት ስለሚያልፍበት ፍተሻ ነው።

ዞልገንስማ የተባለውን መድኃኒት እንውሰድ። በዘር በሚተላለፍ የጡንቻ መመንመን ለሚሠቃዩ ከ2 ዓመት በታች ሕፃናት በ2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ጤናማውን ጂን ተሸክሞ የሚገባው ኤኤቪ9 የተባለ ቫይረስ ነው። የራሱ ጂኖች ወጥተውለታል። የሚሰጠው አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል ስለሚያመርትበት፣ ይደገም ቢባል አይሆንም።

ችግሩ ቫይረሱ ሲመረት ብዙው ቅርፊት፣ ማለትም ጂኑን የሚሸከመው የፕሮቲን ሽፋን፣ ባዶውን መቅረቱ ነው። ባዶው አያክምም፤ የሰውነትን መከላከያ ግን ይቆሰቁሳል። ስፋቱ 25 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ በዓይን ቀርቶ በተራ ማይክሮስኮፕም አይታይም። የሚለየው በክብደቱ ነው። በልዩ ሴንትሪፊዩጅ በኃይል ሲሽከረከር ጂን የያዘው ፈጥኖ ይዘቅጣል፣ ባዶው ይዘገያል፣ ጂኑን በከፊል የያዘው መሃል ላይ ይሆናል። ብዙ ናሙና ይፈጃል እንጂ፣ እኔ ከሁሉም አብልጬ የማምነው ይህን ዘዴ ነው።

የጂኑ ቆጠራ ደግሞ ዲጂታል ፒሲአር በተባለ፣ ዲኤንኤን እያባዛ በሚለይ ዘዴ ይሠራል። ናሙናው ወደ 20,000 ገደማ ጥቃቅን ጠብታዎች ይከፋፈላል። ጂን ያለበት ጠብታ ያበራል። የበራው ተቆጥሮ መጠኑ ይሰላል። ልብ በሉ፦ ከቅርፊቱ ውጭ የተረፈ ዲኤንኤ አስቀድሞ በኢንዛይም ካልጠፋ፣ እሱም አብሮ ይቆጠራል። የዞልገንስማ መጠን በአንድ ኪሎ ክብደት 110 ትሪሊዮን ጂኖም (ቫይረሱ የተሸከመው የዘረ መል ቅጂ) ነው። ቆጠራው ሲዛነፍ የሕፃኑ ጉበት ላይ የሚያርፈውን ሸክም አስቡት።

የባክቴሪያ፣ የኢንዶቶክሲን (ከባክቴሪያ የሚገኝ መርዝ) እና የሚራባ ቫይረስ ምርመራም አለ። እነዚህን በክፍል ስለምትማሯቸው አልፋቸዋለሁ።

ነገር ግን መሣሪያ ብቻውን አይበቃም። መድኃኒቱ በተፈቀደ በወራት ውስጥ፣ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በአምራቹ በአቬክሲስ የአይጥ ሙከራ መረጃ ተነካክቶ እንደተቀየረ ይፋ አደረገ። ኩባንያው ጉዳዩን ከፈቃዱ በፊት ያውቅ ነበር፤ ለኤፍዲኤ የተናገረው ግን ከፈቃዱ በኋላ ነው። ኤፍዲኤ መድኃኒቱ ገበያ ላይ እንዲቆይ ወሰነ። ቢሆንም ነገሩ እስካሁን ያንገበግበኛል። ልጇን ታቅፋ የመጣች እናት የላብራቶሪ መዝገብ ገልጣ አታይም። ያመነችው እኛን ነው።

ነገ ይህ ሥራ በእናንተ እጅ ይገባል። ባዶው ቅርፊት ከተፈቀደው በላይ ሆኖ ከመጣ፣ እንደመጣ ጻፉት። አለቃ ቢያኮርፍም፣ የማስረከቢያው ቀን ቢደርስም፣ ጥሬ መረጃውን አትደልዙ።

አመሰግናለሁ። አሁን ወደ ጥያቄያችሁ እንሂድ።