የዓመቱን የባህል፣ የትምህርትና የማኅበረሰብ መርሐ ግብሮች አስመልክቶ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

ክቡር የዩኒቨርሲቲያችን ፕሬዚዳንት፣
የተከበራችሁ መምህራንና የአስተዳደር ሠራተኞች፣
ውድ ተማሪዎች፣
የተከበራችሁ የአካባቢያችን ነዋሪዎች፣

ጥሪያችንን አክብራችሁ ስለመጣችሁ በአዘጋጅ ኮሚቴው ስም ከልብ አመሰግናለሁ። የዘንድሮው መርሐ ግብር ዝርዝር በእጃችሁ ስላለ እሱን በማንበብ ጊዜያችሁን አልወስድም። ልናገር የምፈልገው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፦ ለሕዝብ ክፍት ናቸው የምንላቸው ዝግጅቶች በእርግጥም ክፍት ሊሆኑ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1867 ጄምስ ስቱዋርት የተባለ የካምብሪጅ መምህር በሰሜን እንግሊዝ ከተሞች እየተዘዋወረ፣ በዘመኑ የዩኒቨርሲቲ በር ለተዘጋባቸው ሴቶች ማስተማር ጀመረ። የትምህርቱን ዋና ዋና ነጥቦች አሳትሞ ያድላቸው፣ ጥያቄዎችንም በጽሑፍ ሰጥቶ መልሳቸውን ያርም ነበር። ሐሳቡ እየሰፋ ሄዶ በ1873 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በኖቲንግሃም፣ በደርቢና በሌስተር ለሕዝብ ትምህርት መስጠት ጀመረ፤ በ1881 በኖቲንግሃም የተከፈተውና ኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገው ኮሌጅም መነሻው ይኸው ነው። እኛ የማኅበረሰብ ዝግጅትን ከመማር ማስተማሩ በተረፈ ሰዓት የሚሠራ ተጨማሪ ሥራ አድርገን ማየት ይቀናናል። እዚያ ግን ዩኒቨርሲቲውን የወለደው ለሕዝብ የተሰጠው ትምህርት ነበር።

ዩኒቨርሲቲያችን ትንሽ ነው። ያለን አዳራሽ አንድ ስለሆነ ጠዋት ፈተና የተሰጠበት ቦታ ማታ የቲያትር መድረክ ይሆናል፤ ማይክሮፎን ይዞ ከረድፍ ረድፍ የሚሯሯጠው ተማሪም ጥቂት ቆይቶ ግጥም ሊያነብ ወደ መድረክ ይወጣል። እንዲህ ያለው ቅርርብ በትልቅ ተቋም በቀላሉ የሚገኝ አይደለም፤ የጎደለን ቅርርቡን ከአጥሩ ውጭ ማድረስ ነው።

ማስታወቂያችን «ሁላችሁም ተጋብዛችኋል» ይላል፤ የሚለጠፈው ግን ግቢ ውስጥ ነው። ወሬው ደርሶት የመጣ ነዋሪ በር ላይ የተማሪ ወይም የሠራተኛ መታወቂያ ይጠየቃል። የጥበቃ ባልደረቦቻችን ስለ ዝግጅቱ አስቀድሞ ካልተነገራቸው መመሪያውን ከማስፈጸም በቀር ምርጫ የላቸውም። እንደምንም ቢገባ እንኳ፣ «ለክብር እንግዶች» የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው የፊት ወንበሮች ባዷቸውን ተቀምጠው እሱ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ለጥያቄ የተመደበውን ሰዓትም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚበላው የመክፈቻ ንግግር ነው፤ ስለዚህ እኔም አላረዝምም።

ከዚህ ወር ጀምሮ ማስታወቂያዎቻችን ሰዎች በሚሰበሰቡባቸው የአካባቢው ሥፍራዎች ይለጠፋሉ፤ የዝግጅቶቹ ዝርዝርም ለጥበቃ ክፍሉ ቀድሞ ይደርሳል። ዝግጅቶቹ ከሥራ ሰዓት በኋላ ይካሄዳሉ፤ መርሐ ግብሩ ሲጀመር ያልተያዘ ወንበር የመጣ ሁሉ ይቀመጥበታል። በሕዝብ ገለጻዎች ላይ ደግሞ ከጠቅላላው ጊዜ ግማሹ ለጥያቄና ለውይይት ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2008 በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውን፣ ተመራማሪዎች ጥናታቸውን ከሙያው ውጭ ላለ አድማጭ በሦስት ደቂቃ የሚያስረዱበትን ውድድር እኛም እንሞክረዋለን። የዓመታት ድካም በሦስት ደቂቃ ያልቃል የሚል እምነት የለኝም። ሆኖም ጥናቱ ለማን እንደሚጠቅም በዚያ ጊዜ ውስጥ መናገር ያቃተው ተመራማሪ ሥራውን መለስ ብሎ ቢያየው አይከፋም። ዳኞቹ ከነዋሪዎች መካከል የሚመረጡ ሲሆን፣ መስፈርቱም አንድ ብቻ ነው፤ ገብቶናል ወይስ አልገባንም?

በባህል ምሽቱም ነዋሪዎች ተመልካች ብቻ ሆነው እንዲቀሩ አንሻም። ዜማ፣ ተረት፣ ግጥም ወይም የእጅ ሥራ ማቅረብ የምትፈልጉ ሁሉ ከዚህ ስብሰባ በኋላ በመግቢያው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ስማችሁን ማስመዝገብ ትችላላችሁ፤ የልምምድ ሰዓቱንም እዚያው አብረን እንወስናለን።

አመሰግናለሁ።