በሩ እስኪወድቅ

እሺ፣ ዛሬ እንግዳ የለም። የፓሪሱን የሴቶች ቢኤምኤክስ፣ ያ በትንንሽ ብስክሌት ጉብታ እየዘለሉ የሚሽቀዳደሙበትን፣ ፍጻሜውን ትናንት ማታ ደግሜ አይቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

የ2024ቱን ኦሊምፒክ ማለቴ ነው። አውስትራሊያዊቷ ሳያ ሳካኪባራ ያሸነፈችበትን። ግን ድሉን አይደለም የማየው። ከዚያ በፊት ያለችውን ቅጽበት ነው።

ስምንት ሴቶች ኮረብታው አናት ላይ ናቸው። የፊት ጎማቸው የመነሻውን በር ተደግፏል። ሁለቱም እግራቸው ፔዳል ላይ ነው፤ መሬት የሚነካ የለም። የተቀዳ ድምፅ «ተዘጋጁ፣ በሩን ተመልከቱ» ይላል። ከዚያ ዝም። ዝምታው አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ያጥራል፤ ማንም ገምቶ እንዳይቀድም ሆን ተብሎ ነው። ከዚያ ጢ፣ ጢ፣ ጢ፣ ጢይይ። በሩ ይወድቃል።

እኔ ዝምታው ላይ አቆመዋለሁ። መልሼ አየዋለሁ። እዚያ ላይ ሳያ ምን እያሰበች ነው?

ወንድሟ ካይ እኮ የዚሁ ስፖርት ሰው ነበር። በ2020 አውስትራሊያ ውስጥ ባትኸርስት ላይ በውድድር ወድቆ አንጎሉ ክፉኛ ተጎዳ። እሷ በዓመቱ ለኦሊምፒክ ቶኪዮ ሄደች። ግማሽ ፍጻሜ ላይ ወደቀች። በዚያው ቀን የሪዮው ኦሊምፒክ ሻምፒዮን ኮነር ፊልድስም ወድቆ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሰሰ። ይሄን ሁሉ እያወቀች ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች።

ጀግና ናት ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን የሳያና የካይ እናት ትመጣብኛለች። የኛ ቤት ወንድሜ ሞተር ልግዛ ያለ ጊዜ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ እማዬ እህል አልቀምስም አለች። ይቺ እናት ደግሞ አንዱ ልጇ እንዲያ ሆኖ፣ ሌላዋን...

በነገራችን ላይ ቤተኒ ሽሪቨርም ታሳዝነኛለች። የቶኪዮዋ ሻምፒዮን። ፓሪስ ላይ እስከ ፍጻሜው የነበረውን ዙር ሁሉ አሸንፋ፣ ፍጻሜው ላይ መጨረሻ ወጣች። ሁሉንም እኮ! አርባ ሰከንድ በማይሞላ ውድድር! ይሄ ያናድደኛል። የቀደመው ድል ለፍጻሜው ነጥብ አይያዝለትም፤ በሩ ላይ ትንሽ ከዘገየሽ አለቀ።

ግን ውበቱም እሱ ነው መሰለኝ። እንጃ። ስምንቱ ጉብታውን ዘለው አየር ላይ ሲሆኑ እኔም ከወንበሬ እነሳለሁ። ከዚያ ካይ ትዝ ይለኛል፣ እቀመጣለሁ።

ካይ «ተይው» ቢላት ትተወው ነበር? ወይስ እንድትተወው መፈለጌ የኔ ፍርሃት ነው... ወንድሜ ያኔ «ፍርሃታችሁን እኔ ላይ አትጫኑ» ብሎን ነበር። ያኔ ተናድጄበት ነበር፣ አሁን ግን...